የካሜራ ሌንስ ቴሌስኮፕ ይሆናል? ቀይ ቀበሮ ለማየት ባሌ ለሚሄዱ ጠያቂ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ካነን ካሜራና አብሮት የተገዛ 75-300 ሌንስ አለኝ። ኅዳር ላይ ከአባቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው። አባቴ ዕድሜው ስለገፋ ብዙ መራመድ አይችልም፤ ቀይ ቀበሮ ግን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። የቴሌስኮፕ ዋጋ አልተቻለም። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ሌንሱን ወደ ቴሌስኮፕ የሚቀይር ዕቃ ልላክልህ ይለኛል። 300 ማለት 300 ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው? ሌንሱን ከካሜራው ነቅዬ ሳይበት ብዥታ ብቻ ነው የማየው፤ ተበላሽቶ ይሆን? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ያገለገለ ካነን 300 ኤፍ 4 ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ያዋጣል ወይ? እጥፍ የሚያጎላውን 2 ኤክስ ብጨምርበትስ?»

ምላሽ፦

300 ማለት 300 ጊዜ ማቅረብ አይደለም። ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ነው፤ በሚሊ ሜትር የተለካ ርቀት ነው። ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ የሚወሰነው ከሌንሱ ኋላ በሚገጠመው ነገር ነው። እንደ እርስዎ ባለ መለስተኛ የካነን ካሜራ ላይ ገጥመው በካሜራው ማያ ቀዳዳ ሲያዩ፣ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያቀርበው 5 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ተራ ባይኖኩላር እንኳ 8 ጊዜ ያቀርባል። ብዙ ሰው ረጅም ሌንስ ገዝቶ በቀዳዳው ሲያይ «ይኸው ነው እንዴ?» የሚለው ለዚህ ነው። ሌንሱ ምንም አልሆነም፤ የተሠራው ለፎቶ ነው እንጂ በዓይን ለማየት አይደለም።

የእርስዎም ሌንስ አልተበላሸም። ቤትዎ ሆነው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ቀን ላይ ክፍሉን ያጨልሙና አንድ መስኮት ብቻ ክፍት ይተዉ። ሌንሱን ከካሜራው ነቅለው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙሩት። ከኋላው፣ ከብረት ቀለበቱ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ፣ ስስ ነጭ ወረቀት ይያዙ። ወረቀቱን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያደርጉት የጎረቤቱ ቆርቆሮ፣ ዛፉ፣ የመብራት ሽቦው ከነቀለማቸው ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ነገር ግን ተገልብጠው ነው፤ ጣሪያው ታች፣ መሬቱ ላይ ሆኖ። የሌንስ ሥራ ይኸው ነው። ምስሉን ከኋላው አየር ላይ ይሠራዋል። ኢኤፍ በሚባሉት የካነን ሌንሶች (የእርስዎም ከእነሱ ነው) ምስሉ የሚያርፈው ከቀለበቱ 44 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ካሜራው ውስጥ ሴንሰሩ የተቀመጠውም እዚያው ነው። ዓይንዎን ቀለበቱ ላይ ሲደግኑ ምስሉ ገና አልተሠራም፤ ስለዚህ የሚያዩት ብዥታ ነው። ወረቀቱን ትተው ዓይንዎን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢያርቁ ግን የተገለበጠውን ምስል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያገኙታል።

ቴሌስኮፕ ማለት እንግዲህ ይህን ምስል በአጉሊ መነጽር ማየት ማለት ነው። አጉሊው ከኋላ የሚገጠመው ትንሹ የዓይን ሌንስ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የትልቁን ሌንስ ርዝመት ለትንሹ ርዝመት ማካፈል ነው። 300 ለ10 ሲካፈል 30 ይመጣል። 25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ቢሆን 12 ጊዜ ያቀርባል። የአጎትዎ ልጅ የሚለው ዕቃም ይኸው ነው። ኬንኮ ሌንስቱስኮፕ የሚባለውም፣ ኒኮን ቀደም ሲል ለራሱ ሌንሶች የሠራውም፣ የሚያቀርቡት የሌንሱ ርዝመት ለ10 ተካፍሎ በሚመጣው ቁጥር ልክ ነው። 30 ጊዜ ሲባል ደግሞ 600 ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ በባዶ ዓይን 20 ሜትር ላይ ቆሞ የሚታየውን ያህል ይታያል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደህና ቴሌስኮፕ ሥራ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ይሠራል። ግን ለሁሉም ሌንስና በሁሉም ዕቃ አይሠራም፤ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የምስሉ መገልበጥ ነው። ምስሉን የሚያቃናው በዕቃው ውስጥ የሚቀመጥ ፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃኑን የሚያጥፍ ወፍራም መስታወት ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ፕሪዝም የሌለው፣ የዓይን ሌንስ መሰኪያ ብቻ የሆነ ርካሽ ቱቦ ሞልቷል። ለጨረቃ ይሆናል፤ ጨረቃ ብትገለበጥ ማንም አይቸገርም። የሚንቀሳቀስ አውሬን ግን በዚህ መከተል አይቻልም። ቀበሮው ወደ ቀኝ ሲሄድ እርስዎ የሚያዩት ወደ ግራ ሲሄድ ነው፤ ሌንሱን ባዞሩ ቁጥር ይጠፋብዎታል። «ፕሪዝሙን ለብቻው ገዝቼ ልጨምርበት» እንዳይሉ ደግሞ ቦታ የለም። ለቴሌስኮፕ የሚሸጡት የተለመዱት ማቃኛ ፕሪዝሞች ካነን ከሚተርፈው 44 ሚሊ ሜትር የበለጠ ርቀት ይፈልጋሉ። እነሱን ሲጨምሩ ሩቅ ያለው ነገር ጨርሶ ፎከስ አይገባም። ስለዚህ የሚላክልዎ ዕቃ ማቃኛ ፕሪዝም ከውስጡ ያለውና ለካነን ኢኤፍ ተብሎ የተሠራ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ ይቅርብዎ።

ካነን መያዝዎ ጠቅሞዎታል። የኢኤፍ ሌንስ ከካሜራ ሲነቀል የብርሃን ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ ይቀራል። ከኒኮን ሌንሶች ግን ቀዳዳውን በእጅ የሚከፍቱበት ቀለበት የሌላቸው ጂ የሚባሉት፣ ሲነቀሉ ቀዳዳቸው ጥብብ ይላል። የሚገጠመው ዕቃ ትንሿን ማንሻ ገፍቶ ካልያዘላቸው ጨለማ ነው የሚታየው። መስታወት የለሽ ለሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች የተሠሩትን ሌንሶች ደግሞ ለዚህ ሥራ አያስቧቸው። ምስላቸው የሚያርፈው ከቀለበቱ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ላይ ስለሆነ ፕሪዝም የሚገባበት ቦታ የለም። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ፎከስ የሚያደርጉት በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪ ከሌለ ቀለበቱን ቢያዞሩት ምንም አይንቀሳቀስም። ከካነንም ኤስቲኤም የሚባሉት እንዲሁ ናቸው። ንዝረት ማጥፊያ ያለው ሌንስም ከካሜራው ከተነቀለ ንዝረቱን አያጠፋም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሌንሶች ልምጣ። 75-300ው ላይ ይህን ዕቃ እንዲገጥሙ በፍጹም አልመክርም። ቀለበቱ በእጅ ስለሚዞር መሥራቱን ይሠራል። ግን ምን ያሳያል? 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ማለት ሌንሱ የሠራውን ምስል 25 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ነው። መልካሙንም ጉድለቱንም አብሮ ያጎላል። 75-300 ደግሞ ድክመቱ ጫፉ ላይ፣ 300 ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ምስሉ ይለሰልሳል፤ በጨለማና በብርሃን ድንበር ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ጥላ ይመጣል። ስልክ ላይ በሚለቀቅ ፎቶ ላይ አይታወቅም። በ30 ጊዜ ሲታይ ግን የቀበሮው ጀርባ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ሁሉ ቀለም ይፈስሳል። የጆሮውን ፀጉር፣ የአንገቱን ነጭ ለይተው ማየት አይችሉም። ሌላም አለ። የፎከስ ቀለበቱ የሌንሱ አፍ ጫፍ ላይ ነው። በነኩት ቁጥር ሌንሱ ሁሉ ይወዛወዛል። ለትራይፖድ (ለባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) የሚሆን እግርም የለውም። እስከ ዛሬ ትራይፖዱ ላይ የታሰረው ካሜራው ነበር። ካሜራው ሲነሳ፣ የተገጠመው ዕቃ የራሱ የብሎን ቀዳዳ ከሌለው ሌንሱን የሚያስሩበት ምንም ነገር የለም።

300 ኤፍ 4 ሌላ ነገር ነው። ዙም የለውም፤ ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል። የተሠራው ለአንድ ርዝመት ብቻ ስለሆነ ምስሉ ጠርዙ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ሰፊው የፎከስ ቀለበት ወገቡ ላይ ነው፤ ያለ ባትሪም ይዞራል። ትራይፖድ ላይ የሚታሰር እግር ያለው ቀለበትም አለው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል።

ዋናው ልዩነት ግን ብርሃን ላይ ነው። የፊቱን ስፋት ለማወቅ ርዝመቱን በኤፍ ቁጥሩ፣ ማለትም የብርሃን ቀዳዳውን መጠን በሚያመለክተው ቁጥር ያካፍሉት። 300 ለ4 ሲካፈል 75 ሚሊ ሜትር ነው። የ75-300ው ግን 300 ላይ ኤፍ 5.6 ስለሆነ 54 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በስፋት ሲሰላ የመጀመሪያው የሚሰበስበው ብርሃን ከሁለተኛው እጥፍ ነው። ወደ ዓይንዎ የሚደርሰውን ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ የዓይን ሌንሱን ርዝመት በኤፍ ቁጥሩ ያካፍሉ። 10 ለ4 ሲካፈል 2.5 ሚሊ ሜትር፣ 10 ለ5.6 ሲካፈል 1.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የሰው የዓይን ብሌን በደማቅ ቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። 2.5 ሲሆን ዓይን የሚችለውን ያህል ይቀበላል። 1.8 ሲሆን ምስሉ ደብዘዝ ይላል፤ ዓይንን ትክክለኛው ቦታ ላይ ማሳረፍም ይከብዳል። ቴሌስኮፕ አይተው ለማያውቁ አዛውንትና ለልጆች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። «አየሁት» እና «የታለ? ጥቁር ነው» የሚያሰኘው እሱ ነው።

ከዚህ ተነስተው 2 ኤክሱን፣ ከሌንሱ ኋላ የሚገጠመውን እጥፍ ማጉያ፣ መተው እንዳለብዎ ራስዎ ሊያሰሉት ይችላሉ። 300 ኤፍ 4 በ2 ኤክስ 600 ኤፍ 8 ይሆናል። 60 ጊዜ ያቀርባል፤ የብርሃን ክቡ ግን ወደ 1.25 ይወርዳል። ንዝረቱም እጥፍ ይሆናል። 75-300 ላይ ደግሞ የካነኑ ማጉያ ከነጭራሹ አይገጥምም። ብዙ ማጉላት ብዙ ማሳየት አይደለም። ከሌንሱም ከዓይንም በፊት የሚወስነው አየሩ ነው።

ስለ አየሩ ትንሽ ልቆይበት። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ሰነቴ ላይ ቴሌስኮፕ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች በብዛት የሚያማርሩት በሌንሳቸው ነው፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው። ሰነቴ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ኅዳር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን በስሱ አየር ላይ መሬቱ ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ከቀዝቃዛው ጋር እየተቀላቀለ ሲነሳ በመሃል ያለው ነገር ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በባዶ ዓይን አይታወቅም። በ30 ጊዜ ግን ቀበሮው ውኃ ውስጥ የሚዋኝ ይመስላል። በ60 ጊዜ ቅርጹም ይጠፋል። ምንም ዓይነት ውድ ሌንስ ይህን አያድንም። መድኃኒቱ ማልዶ መገኘት ነው። ከጎባ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተው ከፀሐይ መውጫ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰዓታት ይጠቀሙባቸው። ደመና የሸፈነው ቀን ካገኙ ደግሞ ረፋዱም ይሆናል። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ብርሃን አያጡም።

መኪና ውስጥ ሆነው በመስኮት የሚያዩ ከሆነ ማሞቂያውን አስቀድመው ያጥፉና መስኮቶቹን ከፍተው የመኪናው አየር እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከውስጥ የሚወጣው ሙቅ አየር ልክ ሌንሱ ፊት ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ምስሉን ይበጠብጠዋል። ሞተሩንም ያጥፉ፤ ንዝረቱ በ30 ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚመጣው። በመስታወት ውስጥ ለማየት አይሞክሩ። ሌንሱ አፍ ላይ ለመከላከያ የተገጠመ ርካሽ ፊልተር ካለም ይንቀሉት። በፎቶ ላይ የማይታይ የፊልተር ጉድለት በቴሌስኮፕ ላይ ፎከሱን አልገባ ያሰኛል። እኔ ዘንድ «ሌንሴ አይጠራም» ተብለው ከሚመጡት ውስጥ ፊልተሩ ሲነሳ ብቻ የሚድኑ አሉ። ቅዝቃዜ የዋጠውን ሌንስ ደግሞ ሰው ወደሞላበት መኪና ሲያስገቡ ወዲያው ላብ ይይዘዋል፤ ከቦርሳው ሳያወጡ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ትራይፖድ ለድርድር አይቀርብም። በእጅ ተይዞ ከ10 ጊዜ በላይ ሲጎላ የሚታየው የራስዎ የልብ ምት ነው። ለስልክ የሚሸጡት ቀጫጭኖቹ ሰነቴ ላይ አይቆሙም፤ ነፋሱ ይጥላቸዋል። ከባድ ያለውን ይያዙ። የመሃሉን ምሰሶ አያውጡት፤ ቦርሳዎን ከሥሩ ያንጠልጥሉበት። ይህ ዓይነቱ ዕቃ የሚያሳየው ቀጥታ ወደ ፊት ስለሆነ ቆሞ ለማየት አንገት ያደክማል። ለአባትዎ ታጣፊ ወንበር ይያዙና ትራይፖዱን በተቀመጡበት የዓይናቸው ቁመት ልክ ያቁሙት። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ለሩቅ ወይም ለንባብ ብቻ ከሆነ አውልቀው ፎከሱን ለራሳቸው ዓይን ያስተካክሉ። የአስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) መነጽር ከሆነ ግን ማውለቅ አይበጅም፤ እንዳደረጉ ይዩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እጅዎ ላይ ቴሌስኮፕ አለ። ካሜራዎን ከ75-300ው ጋር ትራይፖድ ላይ ያቁሙ። ላይቭ ቪው ያብሩና ምስሉ በኋላው ስክሪን ላይ ይምጣ። ከዚያ የማጉያውን ምልክት ሁለቴ ተጭነው 10 ኤክስ ላይ ያድርሱት። ስክሪኑ 3 ኢንች ከሆነና ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ካዩት፣ ያኔ የሚያዩት 28 ጊዜ ገደማ ቀርቦ ነው። ከአሜሪካ የሚላከው ማያያዣ ዕቃ ከሚሰጥዎ 30 ጊዜ ብዙም አያንስም፤ ወጪው ደግሞ ዜሮ ነው። ዓይን ቀዳዳ ላይ መደገን የለም፤ አባትዎና ልጆቹ አብረው ማየት ይችላሉ። ዙሙን ከ300 ወደ 250 ገደማ ቢመልሱት ያ የቀለም ጥላም ይቀንሳል። ጉድለቱንም ልንገርዎ። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ አይታይም፤ ጥቁር ጨርቅ ወይም ጋቢ ከላይ ይሸፍኑበት። ምስሉ በሴንሰሩ ነጥቦች ስለሚወሰን የኦፕቲክስ ያህል ሕያው አይደለም። ባትሪም ይበላል፤ ብርድ ደግሞ ይብስበታል። ትርፍ ባትሪ ገዝተው በውስጥ ኪስዎ ያሙቁት። ፎከሱን በእጅ ያድርጉ። ዛሬውኑ ከበረንዳዎ ላይ ሆነው ይሞክሩት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ቴሌስኮፕ አውሬ ማግኛ አለመሆኑ ነው። በ30 ጊዜ ሲያዩ በአንድ ጊዜ የሚታይዎ 600 ሜትር ላይ ከ17 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስፋት ነው። ሰነቴን የሚያህል ሜዳ በዚያ መፈተሽ ዘበት ነው። 8 ጊዜ የሚያቀርብ ባይኖኩላር በዚያው ርቀት ላይ 75 ሜትር ገደማ ያሳያል። መጀመሪያ በባይኖኩላር የጅባራውን ሥር፣ የሳሩን መስመር፣ የድንጋዩን ጥግ ይቃኙ። ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ ሲያዩ ያን ጊዜ ቴሌስኮፑን ያዙሩት። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ላይ ናቸው። ብርቅ ቢሆኑም በሰነቴ ላይ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚያልፈው መንገድ ዳር ሆኖ ማየት የተለመደ ነው። አባትዎ ብዙ መራመድ አያስፈልጋቸውም።

ደህና ምስል ካገኙ የሚያዩትም ልዩ ነገር ነው። በባዶ ዓይን የማይንቀሳቀስ ቀይ ነጥብ ነው። በ30 ጊዜ ግን ቀበሮው የፍልፈሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋድሞ፣ ጆሮዎቹን ወደ ፊት አቁሞ ሲጠብቅ ያዩታል። ሆዱ መሬት ይነካል። አንዱን እግር ያነሳል፤ ሳያሳርፈው ይቆያል። ከዚያ ይዘላል። ለዚህ ሲባል ነው ርቆ ማየት የሚያስፈልገው፤ ተጠግቶ የሚያይ ሰው የሚያየው የሚሸሽ ቀበሮ ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ ቡችላ ያለበት ጉድጓድ አጠገብ አይድረሱ። እናቲቱ ከተረበሸች ቡችሎቹን ወደ ሌላ ጉድጓድ ትወስዳቸዋለች፤ በዚያ ብርድ መንገድ ላይ ሊሞቱ ይችላሉ። መኪናውም ከመንገድ አይውጣ። ዲንሾ ላይ ለሚያዩት የደጋ አጋዘን ደግሞ ቴሌስኮፑ ከቦርሳው መውጣት የለበትም። በቅርብ ነው የሚታየው፤ ካሜራና ባይኖኩላር ይበቃል። ወደፊት ሰሜን ተራሮች ከሄዱም እንደዚያው ነው። ጭላዳው አጠገብዎ ሳር ይነጫል፤ ገደል ማዶ ያለውን ዋልያ ለማየት ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ልጆች ስላሉ አንድ ማስጠንቀቂያ በጥብቅ እነግርዎታለሁ። ይህ ዕቃ የተገጠመበት ሌንስ በምንም ሰዓት ወደ ፀሐይ አይዙር። የፊቱ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ የሰበሰበው የፀሐይ ብርሃን ዓይን ላይ ሲያርፍ በቅጽበት ያሳውራል፤ ብልጭታው ራሱ አያሳምምም፤ ስለዚህ ልጁ ዓይኑን አያነሳም። በሰኔ 2012 በላሊበላ ላይ እንዳለፈው ዓይነት የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ብዙ ሰው ይህን ሊሞክር ይነሳሳል። ጥቁር መነጽርም፣ የኤክስሬይ ፊልምም አያድንም። አዋቂ አጠገቡ በሌለበት ጊዜ የሌንሱን ክዳን ይክደኑት። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ሲያዩም ፀሐይዋ የት እንዳለች ልብ ይበሉ።

ከአሜሪካ የሚላከውን በተመለከተም አንድ ጥንቃቄ አለ። ባይኖኩላርና ቴሌስኮፕ ነክ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ፣ ፈቃድም ሊያስጠይቅ ይችላል። የአጎትዎ ልጅ ከመግዛቱ በፊት እርስዎ እዚህ ጉምሩክ ሄደው ይጠይቁ። አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ ባይኖኩላር ከተገኘ ከዚህ ጣጣ ያርቅዎታል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ 8 በ42 ባይኖኩላር (8 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይግዙ። ከእሱና ከላይቭ ቪው ጋር አባትዎ ቀይ ቀበሮውን ያዩታል። 75-300ው ላይ ማያያዣ አይግዙለት፤ 2 ኤክሱንም ይተዉት። ባይኖኩላሩና ጠንካራው ትራይፖድ ከተሟላ በኋላ ገንዘብ ከተረፈና ፎቶም ማንሳት ከወደዱ የጓደኛዎን 300 ኤፍ 4 ይግዙ፤ ፕሪዝም ያለውን የኢኤፍ ማያያዣም ያስመጡለት። ፎቶ የማያጓጓዎት ከሆነ ግን የሌንሱንና የማያያዣውን ዋጋ ይደምሩ። ድምሩ የፊቱ ስፋት 65 ሚሊ ሜትር ወደሆነ አንድ ያገለገለ ቴሌስኮፕ ዋጋ ከተጠጋ ቴሌስኮፑን ይምረጡ። አብዛኞቹ ውኃና አቧራ አያስገቡም፤ ማጉላቱንም እንደ አየሩ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

ለጓደኛዎ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ሌንሱን ይፈትኑት። ትራይፖድ ላይ አስረው፣ በጠዋት፣ 100 ሜትር ገደማ ራቅ ያለ የመኪና ታርጋ ላይ ያነጣጥሩ። ኤፍ 4 ላይ በላይቭ ቪው 10 ኤክስ ሲያዩት የቁጥሮቹ ጠርዝ ምላጭ የቆረጠው መስሎ መታየት አለበት፤ ታርጋውን ወደ ፍሬሙ አራቱም ማዕዘን ወስደው ይድገሙት። አንዱ ጥግ ደህና ሆኖ ሌላው ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የእጅ ባትሪ ከኋላ አብርተው በፊት በኩል ሲያዩ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ፎከሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያዞሩት አንድ ዓይነት ልስላሴ ይኑረው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ በማንኛውም ዋጋ ቢሰጥዎ አይውሰዱት።